ሚዛን እንደሚፈተሸው ሁሉ የሬዲዮ መለኪያም ይፈተሽልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን 31 ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሙያ ሥልጠና የምታወጧቸውን ጽሑፎች አንድም ሳልዘል አነባለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ሥልጠና ብቻውን ስለማይፈታው ጉዳይ ነው። እኛ የከተማዋ ጠጋኞች መለኪያዎቻችንን የምናመሳክርበት የጋራ ቦታ ያስፈልገናል።

ነገሩ የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ድርጅት የጥበቃ ሠራተኞቹን የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች ለጥገና አወጣ፤ ስድስቱ ለእኔ ደረሱ፣ አራቱ ለሌላ ባልደረባዬ። በ150 ሜጋ ኸርዝ (በሰከንድ 150 ሚሊዮን ውዝዋዜ) አካባቢ የሚሠሩ ናቸው። ስድስቱንም በፍሪኩዌንሲ ቆጣሪዬ (ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ በሚያሳየው መለኪያ) እያየሁ አስተካክዬ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን የጥበቃው ኃላፊ ተመልሰው መጡ። “የእርስዎ ስድስቱ እርስ በርሳቸው ጥርት ብለው ይሰማማሉ። ከአራቱ ጋር ሲነጋገሩ ግን ድምፁ ይታፈናል” አሉኝ። አራቱም እንደዚሁ እርስ በርሳቸው ደኅና ነበሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሬዲዮዎቹ በአንድ መለኪያ ከተስተካከሉ፣ መለኪያው ቢሳሳትም እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ታዲያ የእኔን ቆጣሪ ማን ለክቶት ያውቃል?

ቆጣሪው የሚቆጥረው በውስጡ ባለ የ10 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በእኩል ፍጥነት በሚወዛወዝ ቁራጭ፣ እየተመራ ነው። ክሪስታሉም እንደ ማንኛውም ኦሲሌተር (ውዝዋዜ አመንጪ) ዕድሜና ሙቀት ይለውጡታል። አንዲት የጂፒኤስ መቀበያ አገኘሁና አንቴናዋን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አሰርኩ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው ስለሚዞሩ መቀበያዋ በየሰከንዱ አንድ ምት እጅግ ሳይዛነፍ ትሰጣለች። በሁለት ምት መካከል የእኔ ክሪስታል 10,000,000 ጊዜ መወዛወዝ ነበረበት። የተቆጠረው 9,999,820 ነው። በሰከንድ 180 ይጎድለዋል። ክሪስታሉ ሲዘገይ የቆጣሪው ሰከንድ ይረዝምና ከእውነቱ አስበልጦ ይቆጥራል፤ ስለዚህ 150 ላይ ናቸው ብዬ የመለስኳቸው ስድስት ሬዲዮዎች 2.7 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብለው ነበር።

ከክሪስታሉ አጠገብ ፍጥነቱን የምታስተካክል፣ በብሎን የምትዞር ትንሽ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ሙል የምትይዝ ዕቃ) አለች። በብረት መፍቻ ከነኩዋት ብረቱም እጅም ልኳን ያዛባሉ፤ መፍቻው ሲነሣ ንባቡ ይሸሻል። የጥርስ ብሩሽ እጀታ በሞረድ ስዬ መፍቻ አደረግሁ። ትንሽ አዙሮ እጅን ማንሣት፣ አሥር ሰከንድ መጠበቅ፣ ማንበብ፣ እንደገና ማዞር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈጀብኝ።

ሌላው የአካባቢያችን ፈተና ሙቀት ነው። ከሐረር የሚመላለስ አንድ ወጣት አለ፤ ለኤፍ ኤም ሬዲዮ መፈተሻ የሚሆን ኦሲሌተር በእጁ ሠርቶ አመጣልኝ። ሐረር ላይ በጠዋት፣ ሙቀቱ 19 ዲግሪ እያለ፣ 100 ሜጋ ኸርዝ ብሎ በእርሳስ ያሰመረባት ቦታ እኔ ዘንድ ከቀኑ 8 ሰዓት በ34 ዲግሪ 99.85 ሆና ተገኘች። መንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ የከፍታው ልዩነት ግን ወደ 700 ሜትር ነው። ሞገዱን የሚወስነው የኮይሉ (የጥቅልሉ) ሽቦ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ አብሮት ያለው የካፓሲተር አቅምም ይጨምራል፣ ሞገዱ ይወርዳል። አንዱን ካፓሲተር ሲሞቅ አቅሙ በሚቀንስ ሴራሚክ ተካነውና አንዱ የሌላውን እንዲያካክስ አደረግን።

የወጣቱ ትልቅ ችግር ግን ጫጫታው ነበር። ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን በአንድ ማዞሪያ ለመሸፈን ፈልጎ ቫራክተር ተጠቅሟል፤ በሚሰጠው ቮልቴጅ መጠን አቅሙ የሚለዋወጥ ዳዮድ ማለት ነው። ከ1 እስከ 9 ቮልት ሲዞር 20 ሜጋ ኸርዝ ይሄዳል፤ በአማካይ ለአንድ ቮልት 2.5 ሜጋ ኸርዝ መሆኑ ነው። በዚያ መስመር ላይ አንድ ሚሊ ቮልት ረብሻ ቢገባ ሞገዱ በ2.5 ኪሎ ኸርዝ ይናወጣል። የኤፍ ኤም ጣቢያ ሙሉ ድምፁን የሚያስተላልፈው በ75 ኪሎ ኸርዝ ውዝዋዜ ስለሆነ ይህ በጆሮ የሚሰማ ነው። ልጁ ኃይል የሚሰጠው ደግሞ ረብሻ በሚበዛበት የስልክ ቻርጀር ነበር!

“ጋሼ፣ ክልሉን ካላጠበብኩ ጫጫታው አይጠፋም ማለት ነው?” አለኝ ፊቱ ጠቁሮ። አይደለም። ክልሉን ለአራት ከፈልነው። ማብሪያ ማጥፊያ እያገላበጠ ትንንሽ ካፓሲተሮችን ይጨምራል፤ ቫራክተሩ በእያንዳንዱ ክፍል፣ ጠርዞቹ እንዲደራረቡ ትንሽ ትርፍ ይዞ፣ 6 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ይሸፍናል። ያው ሚሊ ቮልት አሁን የሚያናውጠው 750 ኸርዝ ያህል ነው። ማስተካከያ መስመሩን በባትሪ አደረግንለት። ቀጭኑን ኮይልም በወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠቀለልነው፤ ዴቪድ ሊሰን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ቀመር መሠረት የኮይሉና የካፓሲተሩ ጥራት በእጥፍ ሲያድግ ከሞገዱ አጠገብ ያለው ጫጫታ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ጠረጴዛው ሲመታ ኮይሉ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ያሰማ ስለነበር በመጨረሻ ሰም አቅልጠን አፈሰስንበት። ጣቴን ጠረጴዛው ላይ ደግሜ ደጋግሜ መታሁ፤ ድምጽ ማጉያው ዝም አለ። የዚያን ልጅ ዓይን ብታዩት!

እንዲህ ዓይነት ልጆች በሐረርም በድሬም አሉ፤ የሚጎድላቸው ሥራቸውን የሚያመሳክሩበት ነው። በገበያ ሚዛን ይፈተሻል፣ የነዳጅ ማደያም ይለካል። አዲስ አበባ የሥነ ልክ ተቋም አለን፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ጥገና ቤት ቆጣሪውን ተሸክሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ አይችልም። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከከተማው የቴክኒክ ማሠልጠኛዎች በአንዱ፣ በጂፒኤስ የሚመራ የ10 ሜጋ ኸርዝ ማመሳከሪያ ያለበት አንድ ጠረጴዛ ይዘጋጅልን፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለጠጋኞችና ለተማሪዎች ክፍት ይሁን።

ቦታው እስኪገኝ የእኔ ቤት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ክፍት ነው። አራቱን ሬዲዮዎች የጠገነው ባልደረባዬ ባለፈው ቅዳሜ ቆጣሪውን ይዞ መጣ። የእርሱ ክሪስታል በተቃራኒው በሰከንድ 90 ፈጥኖ ተገኘ። የሁለታችን ስሕተት ሲደመር 150 ሜጋ ኸርዝ ላይ 4 ኪሎ ኸርዝ ይሞላል፤ ድምፁን ያፈነው ይኸው ነበር። ለድርጅቱ ደውለን አሥሩንም አስመጣን፤ እስኪመሽ አብረን ተቀምጠን እንደገና አስተካከልናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ