ማሙሽ ወደ አፍዴራ ከመውረዱ በፊት

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እማማ ደህና ናቸው ወይ? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ልጆቹ አደጉልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነን! አንቺ በልጆችሽ፣ እኔም እዚህ አፋር ሎጊያ በጤና ጣቢያ ሥራዬ ተጠምደን ዓመታቱ ሄዱ። ግን ደብረ ብርሃን በተነሳች ቁጥር መጀመሪያ የምትታወሺኝ አንቺ ነሽ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ ወሬ ነው። ከሰፈራችን የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወንድምሽ ማሙሽ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለጨው ሥራ ወደ አፍዴራ ሊወርድ ነው አለኝ። (ጎረምሳ ሆኗል አሉ፤ ለእኔ ግን ያው ማሙሽ ነው።) ወሬው እንቅልፍ ነሳኝ። አይሂድ ልልሽ አይደለም። ሥራ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ የቤታችሁንም ነገር አውቃለሁ። አብዛኛው የአገራችን ጨው የሚወጣው እዚያ ካለው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ ብዙ የደጋ ልጅም እዚያ እንጀራውን ያገኛል። የሚያስፈራኝ የሚሄድበት ወርና አካሄዱ ነው።

መንገዱን አንቺ አታውቂውም። ከእኛ ጣርማ በር ድረስ በጃኬት ትሄጃለሽ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ጃኬቱን ታወልቂያለሽ። ኮምቦልቻ ትንሽ ያስተነፍስሻል። ከባቲ በኋላ ግን ቁልቁል ነው። ሚሌ ደርሰሽ ከመኪና ስትወርጂ የሚቀበልሽ ንፋስ፣ እንጀራ ስትጋግሪ አክንባሎውን ስታነሺ ፊትሽን የሚመታሽ ዓይነት ነው። ንፋስ ያቀዘቅዛል ብለን አይደል ያደግነው? እዚህ አየሩ ከሰውነትሽ በላይ ሲግል ንፋሱ ራሱ ያቃጥላል።

አፍዴራ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል ብለሽ አስቢው። ከዚያ በስተሰሜን ያለው ዳሎል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲለካ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ይሄ የቀኑ ብቻ አይደለም፤ ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም ተደምሮ የወጣ ነው። ሰው የኖረበት ከዚያ የሚበልጥ ሞቃት ቦታ አልተመዘገበም ይባላል።

ማሙሽ የሚነሳው ግንቦት ላይ ነው። አፋሮች ግንቦትና ሰኔን ሐጋይ ይሉታል። ሎጊያና ሰመራ እንኳ ያኔ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ቀኑስ ይሁን፤ እኔን የሚያማርረኝ ሌሊቱ ነው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ግለት ሌሊት ይተፋዋል። ከጣሪያ ታንከር የሚመጣው ውሃ እኩለ ሌሊትም ትኩስ ነው። መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ሲቆም ሰፈሩ በሙሉ አልጋውን ይዞ ደጅ ይወጣል። አንሶላ አርጥበሽ ትለብሻለሽ፤ ሳይነጋ ይደርቃል። ሌሊት ያላረፈ ሰውነት ደግሞ በማግስቱ ሙቀቱን አይችልም። እዚህ ሥራዬ ላይ በዓይኔ የማየው ነገር ነው፤ ሦስት አራት ሌሊት እንቅልፍ ካጡ በኋላ ነው ሰዎች የሚወድቁብን።

የአገሩን ሰው ስታዪ ግን ይገርምሻል። ጎረቤቴ የአፋር እናት ናቸው። ገና ሳይነጋ ይነሳሉ። ፍየሎቹ ይወጣሉ፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይመጣል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ሥራው አልቋል። ከዚያ ጥላ ነው። አሪ የሚሉት ቤታቸው ከቅርንጫፍና ከዘንባባ ሰሌን ይሠራል፤ ሴቶቹ ናቸው የሚሠሩት። ሰሌኑን በጎን ገለጥ ሲያደርጉት አየር ያልፋል። የእኔ የብሎኬትና የቆርቆሮ ክፍል እኩለ ቀን ላይ አያስገባም፤ እሳቸው ጋ ገብቼ ግን ተኝቼ አውቃለሁ። ሲራመዱም ቀስ ብለው ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን እንደ ደጋ ሰው ስሮጥ እያዩ እጄን ይይዙኝ ነበር። የግመል ወተት ይሰጡኛል፣ ያስቀምጡኛል። መሥሪያ ቤቱም፣ ሱቁም እንደዚያው ነው። ማለዳ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ይዘጋል፣ ፀሐይ ሲበርድ ይቀጥላል።

እና እህትዓለም፣ እዚህ ኖሬ የገባኝ ይሄ ነው። ሙቀቱን ማንም በጉልበት አላሸነፈውም። ሰው የሚኖረው ሰዓቱን መርጦ ስለሚሠራ ነው። ሙቀት የሚገድለው ሰዓቱን መምረጥ የማይችለውን ሰው ነው።

ለዚህ ነው ስለ ማሙሽ የጨነቀኝ። ጨው ሥራው እንዲህ ነው፤ የሐይቁን ውሃ በሞተር ስበው ኩሬ ውስጥ ያስተኙታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የቀረውን ጨው ሰው በአካፋ ይሰበስባል። ጨውየው ነጭ ስለሆነ ፀሐዩ ከላይም ከታችም ይመጣል፤ ልጆቹ አገጫቸው ሥር ሳይቀር ተቃጥለው ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በሠሩት ልክ እንደሆነ ነግረውኛል። ጥላ ሥር የተቀመጠበት ሰዓት ከኪሱ ይቀነስበታል ማለት ነው። ለእናቱ ብር ሊልክ የመጣ ልጅ እንዴት ብሎ ይቀመጣል?

ባለፈው ዓመት ሐጋይ ላይ አንድ ልጅ በፒክአፕ ተጭኖ መጣልን። የደጋ ልጅ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንት አልሞላውም። ይቀባጥራል፣ እናቱን ይጠራል፣ የት እንዳለ አያውቅም። ጓደኞቹ ወባ መስሏቸው ጋቢ አልብሰውታል። ቴርሞሜትሩ ከ41 አለፈ። ጋቢውን ገፈን ጥለን ውሃ ደፋንበት፤ አንዷ ሮጣ ከለስላሳ መሸጫ በረዶ አመጣች፤ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አደረግን፤ ሌሎቹ በካርቶን ያራግባሉ። ሰውነት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲግል አንጎልም ኩላሊትም ይጎዳል፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ልጁ ተረፈ። ሁሉም ግን አይተርፍም፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ኩዌት እንዳለች ታውቂያለሽ። እዚያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሚትሪባህ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ ተለክቷል። ሕጉ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት የፈረንጆች ወራት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ ማሠራት ይከለክላል። እሷ የቤት ሠራተኛ ስለሆነች የሕጉ ሰዓት አይደርሳትም፤ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ወጥታ ልብስ ታሰጣለች። በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ ሲደክም እሰማዋለሁ። በየትም አገር ብትሄጂ ፀሐዩ ሥር የሚቀረው ያው ምርጫ የሌለው ነው። ይሄ ያናድደኛል፤ ሁሌም ያናድደኛል።

ስለዚህ ለማሙሽ ይሄን ንገሪልኝ። ቢችል እስከ ጥቅምት ይቆይ። ያኔ አየሩ ይለዝባል፣ ሰውነቱም ቀስ እያለ ይለምዳል። መቆየት ካልቻለ ግን ቀጥታ አፍዴራ እንዳይወርድ። ሎጊያ ይውረድና እኔ ጋ ይሰንብት። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድም ሁለትም ሳምንት ይፈልጋል፤ ላቡ ቶሎ መምጣት ይጀምራል፣ በላቡ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። የሚወድቁት ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸውን ለማሳየት የሚሠሩት ናቸው። እዚህ ማለዳ ማለዳ የሚሠራው ቀላል ሥራ አፈላልግለታለሁ።

ውሃ ሳይጠማው ይጠጣ። እዚህ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ሳይታይ ይተናል፤ ሰው አላላበኝም ብሎ ይዘናጋል። ከባድ ሥራ ላይ በሰዓት ከሊትር በላይ ውሃ ሊወጣው ይችላል። ሽንቱ ከጠቆረ ውሃው አንሶታል ማለት ነው። በጣም ሲያልበው ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ይያዝ። ካጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጥ፤ ልኩን ግን እንዳያዛባ። ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ይጠቅልለው፤ ሹፌሮቹ የሚያደርጉት ነው፣ ውሃው በእውነት ይበርዳል። ጫትና አረቄ ከዚያ ሙቀት ጋር አይሄዱም። እዚያ ድካም ማስረሻ ብለው የሚይዙት ብዙ ስለሆኑ አጥብቀሽ ንገሪው።

ሌላም አለ። የሐዋርያት ጾም የሚገባው እንደ ዓመቱ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ፣ በዚያው በሐጋይ ነው። ማሙሽ ጾመኛ ነው፤ እማማ እንዳሳደጉት አውቃለሁ። ፀሐይ ላይ እየሠራ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ከዋለ ግን አደጋ ነው። ከመነሳቱ በፊት የንስሐ አባቱን ያናግር። እማማም ቢሆኑ ከልጃቸው አፍ ከሚሰሙት ከአባ ቢሰሙት ይሻላቸዋል።

ብቻውን እንዳይሠራ። ጓደኛው መቀባጠር ወይም መንገዳገድ ከጀመረ መኪና ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ጥላ ውስጥ አስገብቶ ልብሱን አውልቆ ውሃ ያፍስስበት፤ እያራገቡ፣ እያረጠቡ ነው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ እንዳይሰጡ። ይሄን ለራሱ ብቻ አይያዘው፤ አብረውት ለሚወርዱት ልጆችም ይንገራቸው።

ሲመጣ ጃኬት ይቅር፤ ረጅም እጅጌ ያለው ሰፋ ያለ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ፣ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ይያዝ። ሽርጥ እኔ እገዛለታለሁ። ለእኔ ደግሞ ከእማማ በሶ ላኪልኝ፤ እዚህ ጠዋት ጠዋት በጥብጬ ስጠጣው ቀኑን ይይዝልኛል።

ዛሬውኑ ደውዪለትና ቲኬት ቆርጦ እንደሆነ ጠይቂው። ከቆረጠም ሎጊያ እንዲወርድ ንገሪውና ስልኬን ስጪው። የሚመጣበትን ቀን በቴሌግራም አሳውቂኝ፤ መናኸሪያ እጠብቀዋለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ
ሎጊያ፣ ሚያዝያ