ደብዳቤ ለልጄ፦ 60ኛው ደቂቃ ላይ ስለሚወጣው አጥቂ

የኔ ቆንጆ እንዴት ከረምሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው።

እናትሽ በስልክ ያልሻትን ነገረችኝ። አሰልጣኙ ሁሌ 60ኛው ደቂቃ አካባቢ አንቺን ነው የሚያወጣው አሉ፣ ጎልም ካገባሽ ቆየሽ፣ እና አጥቂ መሆኑ ይቅርብኝ እንደውም ኳሱንም ልተወው ነው ብለሻታል። ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ የማወራልሽ ሰውዬ ታሪኩ ረዘም ይላል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ።

ሺንጂ ኦካዛኪን ታስታውሺዋለሽ? በፈረንጅ 2016 ሌስተር የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲበላ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። ሰው ሁሉ ቫርዲ ማህሬዝ ካንቴ ነው የሚለው፣ እውነትም ነው ቫርዲ በዛ ሲዝን በሊጉ 24 ጎል አግብቷል። ከጎኑ ግን 20 ቁጥር ለብሶ የሚሮጥ አንድ አጠር ያለ ጃፓናዊ ነበር፣ በሊጉ 36 ጨዋታ ገብቶ ያገባው 5 ጎል ብቻ ነው። አጥቂ ሆኖ 5 ጎል! ብዙውን ጊዜም ጨዋታው ሳያልቅ ተቀይሮ ይወጣ ነበር፣ ልክ እንዳንቺ። አሰልጣኙ ራኒየሪ ግን በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ቋሚ አርጎ ያስገባዋል።

ለምን መሰለሽ? አንድ ነገር ልንገርሽ በዩቲዩብም ፈልገሽ እዪው። በረኛው ኳሱን ለመሀል ተከላካዩ ሲሰጥ ኦካዛኪ ዝም ብሎ በቀጥታ አይሮጥበትም። ዞር ብሎ በኩርባ ነው የሚመጣው፣ ተከላካዩ ወደ መሀል ለአማካዩ ሊያቀብልበት የሚችለውን መስመር በሰውነቱ ዘግቶ። ያ ተከላካይ ያለው አማራጭ ወይ ወደ ጥግ መስጠት ነው ወይ ዝም ብሎ ወደፊት መለጋት። ጥግ ላይ የክንፍ ተጫዋቹ ኦልብራይተን ይጠብቃል፣ ወደፊት ከለጋው ደግሞ የሌስተር ተከላካዮች ሞርጋንና ሁት በቴስታ ይመልሱታል፣ የተረፈውን ካንቴ ይለቅመዋል፣ ከዛ ለቫርዲ ነው። ጎሉ የቫርዲ ተብሎ ይመዘገባል ግን የተጀመረው ኦካዛኪ ጋ ነው። እንዲህ እየተሯሯጠ 60 ደቂቃ ከቆየ በኋላ እግሩ ላይ ምን ይተርፋል? ስለዚህ ያወጡታል፣ ስለጠሉት አይደለም።

ያንቺም አሰልጣኝ እንደዛ አስቦ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቂው እስቲ በጨዋ ደንብ። ካንቺ ምን እንደሚፈልግ በቀጥታ ጠይቂው፣ ተጫዋች አሰልጣኙን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ግን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ኦካዛኪ ያንን ሁሉ ለቡድን እየሮጠም ጎል ማግባት መፈለጉን አንድ ቀን አላቆመም። በ5 ጎል ደስተኛ አልነበረም። ሰውዬው እኮ ሌስተር ከመምጣቱ በፊት ጀርመን ማይንዝ ላይ በመጀመሪያው ሲዝን 15 በቀጣዩ 12 ጎል በቡንደስሊጋ ያገባ አጥቂ ነው፣ ከዛ በፊት ደግሞ ሽቱትጋርት ክንፍ ላይ እያጫወቱት ጎል ጠፍቶበት ነበር። ማለቴ የጎል መጥፋት ለሱ አዲስ ነገር አልነበረም፣ ይጠፋል ይመጣል።

ሲጀመር እንኳን ማን ያምንበት ነበር? ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ነው፣ ፍጥነት የለውም ይሉት ነበር። በ2005 ከሃይስኩል ሺሚዙ ወደሚባለው የጃፓን ክለብ ሲገባ ክለቡ ውስጥ ካሉት 8 አጥቂዎች 8ኛው እሱ ነው። እዛ በባርሴሎና ኦሎምፒክ ለጃፓን በዱላ ቅብብል የሮጠ ሱጊሞቶ የሚባል ሰው አግኝቶ እንደ ህጻን ልጅ አሯሯጥ ከመጀመሪያው ተማረ። ትልቅ ሰው ሆኖ አሯሯጥ መማር! እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የነካኝ። በ2009 ለብሔራዊ ቡድን ብቻ 15 ጎል አገባ፣ በመጨረሻ 119 ጨዋታ 50 ጎል ላይ ደረሰ፣ ለጃፓን ከሱ በላይ ያገቡት ካማሞቶና ካዙ ሚዩራ ብቻ ናቸው።

ጎሎቹንም እይ። 2014 የዓለም ዋንጫ ላይ ኮሎምቢያ ጃፓንን 4 ለ 1 ስታሸንፍ የጃፓን ጎል የሱ ናት፣ ሆንዳ ያሻማውን ተከላካዩን ቀድሞ ተወርውሮ በቴስታ። ሌላው እግር የሚያነሳበት ቦታ ላይ እሱ ጭንቅላቱን ይከታል። ኒውካስል ላይ ያገባው ደግሞ መጋቢት 2016፣ ቤኒቴዝ የኒውካስል አዲስ አሰልጣኝ ሆኖ የመጣበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ቫርዲ በጭንቅላት ያመቻቸለትን ጀርባውን ሰጥቶ በመቀስ ምት አስቆጠረው፣ ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ዋንጫው ሊደርስ ሲል እያንዳንዷ ነጥብ ወርቅ በሆነችበት ሰዓት!

ሌስተርን የለቀቀውም እንደገና አጥቂ ሆኖ መጫወት ፈልጎ ነው። 33 ዓመቱ ነበር። ስፔን ማላጋ አስፈረመው፣ ክለቡ ግን በደሞዝ ጣሪያ ምክንያት ሊያስመዘግበው ስላልቻለ ሊጉ ከተጀመረ በኋላ ሜዳ ሳይገባ ለቀቀ። እዛ ላይ በቃኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? ሁዌስካ ወደሚባል ሌላ የስፔን ክለብ ሄደ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን 12 ጎል አገባ፣ ቡድኑም ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ላሊጋ አደገ። ከዛም እስከ 2024 ድረስ ተጫውቶ ቤልጅየም ላይ ነው ጫማ የሰቀለው።

እና ልጄ፣ ስትወጪ ፊትሽን አታጥቁሪ፣ የምትገባዋን ልጅ ጨብጠሽ ውጪ። ግን ጎሉንም አትተዪው። ከልምምድ በኋላ አንዷን ጓደኛሽን ለምኚና ከክንፍ ታሻማልሽ፣ በቴስታ ስሪ፣ ከኳሷ አትሽሺ። አጥቂ ነሽ፣ ከዚህ ቁመትሽ ጀምሮ አውቅሻለሁ።

ታኬታሽ አልቋል ብለሽ ነበር አይደል? ቁጥርሽን ለእናትሽ በቴክስት ላኪላት፣ የሚመጣው ሳምንት መርካቶ ስለምወርድ ገዝቼ እልክልሻለሁ። ስንት ሰዓት እንደምትጫወቱም ጻፊልኝ።

አባትሽ