የማይታየው የኤሌክትሮኒክ አጥርና በጣም ትናንሽ ውሾች፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ ክብደታቸው ከ8 ፓውንድ በታች ለሆኑ ውሾች የኤሌክትሮኒክ አጥር ስለ መትከል

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ደንበኞቻችን በተደጋጋሚ የምታቀርቡልን ጥያቄ አንድ ነው። ቺዋዋ፣ ዮርኪ፣ ፖሜራኒያን ወይም ማልቲዝ የምታሳድጉ ቤተሰቦች በሣራችሁ ዙሪያ የማይታየውን አጥር ለማስተከል ስታስቡ «ይህችን የምታክል ውሻ የኤሌክትሪክ ንዝረቱን ትችለዋለች ወይ?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከዚህ በታች እንሰጣለን። ነገር ግን ለትንሽ ውሻ ከንዝረቱ ይበልጥ የሚያሳስቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የአንገት ማሰሪያው ክብደትና ጥብቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ይህ አጥር ከውጭ የሚመጣውን ምንም ነገር የማያስቆም መሆኑ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቱን በሚገባ እንድታስቡባቸው ነው።

የመሣሪያው አሠራር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። በጋራዥ ወይም በምድር ቤት ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው አስተላላፊ የሚነሣ ቀጭን ሽቦ ጥቂት ኢንች ከሣሩ ሥር ተቀብሮ ግቢውን ይዞርና ተመልሶ እዚያው ይገባል። ሽቦው ደካማ የሬዲዮ ምልክት ይልካል፤ በውሻው አንገት ላይ ያለው ተቀባይ ምልክቱን ሲያገኝ መጀመሪያ ድምፅ ያሰማል፤ ውሻው ካልተመለሰ ደግሞ ቆዳውን በሚነኩት ሁለት የብረት ጫፎች በኩል ንዝረት ይለቅበታል። ሽቦ ሳያስፈልጋቸው ከአንድ መሣሪያ ዙሪያ ክብ ወሰን የሚያበጁ፣ እንዲሁም በጂፒኤስ የሚሠሩ ዓይነቶችም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ወሰናቸው በብረት ነገሮችና በመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ይዋዥቃል፤ በጂፒኤስ የሚሠሩት ደግሞ ቦታውን በጥቂት ሜትሮች ሊስቱ ይችላሉ፤ ማሰሪያቸውም ግዙፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ለትንሽ ውሻና ለጠባብ ግቢ አንመክራቸውም።

ወደ ንዝረቱ እንመለስ። ንዝረቱ ከሰከንድ እጅግ ጥቂት በሆነ ክፍልፋይ ውስጥ የሚያልፍ ሲሆን፣ የሚጓዘውም በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው ቆዳ እንጂ በመላ አካል ውስጥ አይደለም፤ የሚለቀቀው ኃይልም በጣም አነስተኛ ነው። ይህ ማለት ግን አያምም ማለት አይደለም፤ የተሠራው እንዲያምም ነው፤ የማያም ቢሆን ኖሮ ውሻውን ባልመለሰው ነበር። በትንሽ ውሻ ላይ የሚያሳስበን ቃጠሎ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ትልቅ ውሻ ሲነዘር ብዙውን ጊዜ ዘሎ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ አንዳንድ ትናንሽ ውሾች ግን ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ፤ በወሰኑ ላይ ቆመው በቀሩ ቁጥርም ንዝረቱ ይደጋገምባቸዋል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከተወሰኑ ሰከንዶች በኋላ ራሳቸውን ያቋርጣሉ፤ ሆኖም ውሻዋ እስከዚያ የምትማረው ወሰኑን ሳይሆን ሣሩን መፍራት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ለመጸዳዳት እንኳ ከበር አልወጣም የምትል ውሻ ብታጋጥማችሁ ችግሩን እልኸኝነት አታድርጉት።

አሁን ወደ አንገት እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ለአብዛኞቹ ማሰሪያዎች የሚያስቀምጡት ዝቅተኛ ክብደት 8 ፓውንድ፣ ማለትም 3.6 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለትናንሽ ውሾች ተብለው የሚሠሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ፓውንድ ወይም ከ2.3 ኪሎ ይጀምራሉ። በአሜሪካ የውሻ ዝርያዎች መመዘኛ መሠረት ቺዋዋ ከ6 ፓውንድ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር (ዮርኪ) ደግሞ ከ7 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ውሾች ከተለመደው ማሰሪያ ወሰን በታች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከትንሹ ማሰሪያ ወሰን እንኳ አይደርሱም። ቁጥሩ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። 100 ግራም የሚመዝን ማሰሪያ 30 ኪሎ በሚመዝን ውሻ ላይ ምንም ማለት አይደለም፤ 2 ኪሎ በምትመዝን ውሻ ላይ ግን የክብደቷ አንድ ሃያኛ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ኪሎ ተኩል ነገር ቀኑን ሙሉ በአንገቱ አንጠልጥሎ እንደ መዋል ይቆጠራል።

በዚህ ላይ የእነዚህ ዝርያዎች የአየር ቧንቧ ደካማ ነው። ዮርኪ፣ ፖሜራኒያን፣ ቺዋዋና ቶይ ፑድል ቧንቧውን ደግፈው የያዙት የልም አጥንት ቀለበቶች ላልተው ቧንቧው የሚጨፈለቅበት በሽታ በብዛት የሚታይባቸው ናቸው። ምልክቱ እንደ ዝይ ድምፅ ያለ ደረቅ ሳል ነው፤ በተለይም ውሻዋ ስትደሰት፣ ስትሮጥ ወይም አንገቷ ሲሳብ ይቀሰቀሳል። ሐኪሞች እንዲህ ላለችው ውሻ በአንገት ምትክ የደረት ማሰሪያ የሚያዙት ለዚህ ነው። የኤሌክትሮኒክ አጥሩ ማሰሪያ ግን ወደ ደረት ሊዛወር አይችልም፤ ጫፎቹ የአንገትን ቆዳ ካልነኩ አይሠራምና።

ጥብቀቱም ሌላ ጣጣ አለው። መመሪያው በጫፉና በቆዳው መካከል አንድ ጣት የሚገባበት ክፍተት እንዲተው ያዛል። በወፍራም አንገት ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ቀጭን አንገት ላይ ግን የጣት ያህል ክፍተት ሰፊ ስለሚሆን ተቀባዩ እየዞረ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የዚህን ጊዜ ባለቤቱ ማሰሪያውን ያጠብቀዋል። እንደ ፖሜራኒያን ባለ ፀጉረ ብዙ ውሻ ላይ ደግሞ ጫፎቹ ቆዳ ስለማያገኙ ይበልጥ ይጠብቃል። የሚከተለው ቁስል ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁስል የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የብረት ጫፉ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ተጭኖ ደም እንዳይደርስ በማድረጉ የሚመጣ የግፊት ቁስል ነው። በመሆኑም ማሰሪያው በቀን ከ12 ሰዓት በላይ በአንገት ላይ መቆየት የለበትም፤ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ቦታውን መቀየር፣ ማታ አውልቆ ቆዳውን በእጅ እየዳበሱ መፈተሽ ያስፈልጋል። የመንሸራሸሪያ ገመድ በዚህ ማሰሪያ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። ዕድሜው ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላም አይደረግበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከመሣሪያው ጥራት ጋር የሚያያዝ አይደለም። አብዛኞቻችን ባደግንበት አገር ግቢ የሚታጠረው፣ በድንጋይም ሆነ በቆርቆሮ፣ ሌባውም ጅቡም እንዳይገባ ነው፤ ውሻው የሚለቀቀውም በዚያ ውስጥ ነው። የማይታየው አጥር ግን የሚይዘው ማሰሪያ ያሰረውን የእናንተን ውሻ ብቻ ነው። የጎረቤት ትልቅ ውሻ፣ ቀበሮ ወይም ኮዮቴ የተባለው ተኩላ መሰል አውሬ ያለ ከልካይ ይገባል። ኮዮቴ በሩቅ ተራራ ብቻ የሚኖር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ባለው በሮክ ክሪክ ፓርክ ሳይቀር እንደሚኖር እናሳውቃለን። ትልልቅ ጭልፊቶችና ጉጉቶችም በጣም ትንሽ ውሻን ሊያጠቁ ይችላሉ። ባለ 60 ፓውንድ ውሻ እንዲህ ያለው እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል፣ ይጋፈጣል፤ የ4 ፓውንድ ውሻ ያላት መዳኛ መሸሽ ነው፤ አጥሩ ደግሞ የሸሸችበትን መንገድ በንዝረት ይዘጋባታል። ፈርታ ጥሳ ብትወጣም ስትመለስ ንዝረቱ እንደገና ይጠብቃታል፤ ስለዚህ ከግቢው ውጭ ቆማ ትቀራለች።

አጥሩ ውሻን በመያዝ ረገድም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በኤሌክትሮኒክ አጥር ከተያዙት ውሾች 44 በመቶው አምልጠው የሚያውቁ ሲሆኑ፣ በሚታይ አጥር ውስጥ ከነበሩት ያመለጡት 23 በመቶ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ፣ የማሰሪያው ባትሪ ሲያልቅ ወይም የሣሩን መሬት እየበሳ የሚያናፍስ ማሽን ሽቦውን ሲቆርጠው አጥሩ የለም ማለት ነው፤ ውሻው ይህን እስኪደርስበት ጊዜ ላይወስድበት ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ መሣሪያው በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ጠይቃችሁናል። ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጥሩን ዓይነት ጨምሮ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጡ ማሰሪያዎችን ከልክላለች፤ በዩናይትድ ስቴትስ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ክልከላ የለም። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ውሾች በሽልማት እንጂ በሕመም እንዳይሠለጥኑ መክሯል። እኛ ይህን አጥር የምንተክል ሰዎች ሆነን ይህን ስንጠቅስ የሚገረም አይጠፋም፤ ቢሆንም ምክሩ በተለይ ለትናንሾቹ ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ መሠረት የድርጅታችን አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከ5 ፓውንድ በታች ለሆነ ውሻ የኤሌክትሮኒክ አጥር አንተክልም፤ ውሻው እየጨመረ የሚሄድ ቡችላ ቢሆንም ክብደቱ እስኪደርስ እንጠብቃለን። ከ5 እስከ 8 ፓውንድ ለሆነው፣ አምራቹ ለዚያ ክብደት የሠራው ማሰሪያ ሲኖር፣ የእንስሳት ሐኪም የአየር ቧንቧውን መርምሮ ችግር እንደሌለበት በጽሑፍ ሲያረጋግጥና ባለቤቱ ውሻውን ብቻውን ደጅ ላለመተው ሲስማማ እንተክላለን። ሥልጠናው ወሰኑን በሚያመለክቱ ትናንሽ ባንዲራዎች ታግዞ፣ በመጀመሪያ በድምፅ ብቻ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይካሄዳል፤ ንዝረት ካስፈለገም ከዝቅተኛው ደረጃ ይጀመራል። በድምፁ ብቻ የምትመለስ ውሻ ከሆነች ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ለቀሩት የምንመክረው ከዚህ ይልቅ ዋጋው የረከሰ ነገር ነው። የሚታጠፍ የሽቦ ወንፊት በረት ክዳን ተደርጎለት ከበረንዳው አጠገብ ቢቆም ትንሽ ውሻ እንደ ልቧ ትንቀሳቀስበታለች፤ ክዳኑን የምንጠቅሰው ለጭልፊት ብለን ነው። ለመንሸራሸር የደረት ማሰሪያና አጭር ገመድ ይበቃል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራችሁ አጥር የሚከለክል ከሆነ፣ ክልከላው በፊት ለፊት ግቢ ላይ ብቻ መሆኑን አጣሩ፤ ብዙዎቹ ማኅበራት ከቤት ጀርባ ለሚሠራ አጥር በማመልከቻ ይፈቅዳሉና ማመልከቻውን ለመጻፍም ሆነ ንድፉን ለማዘጋጀት እንረዳችኋለን። ከእንጨት የሚሠራ ከፍ ያለ አጥርም ቢሆን ኮዮቴ ሊዘለው ስለሚችል፣ በተለይ ሲነጋና ሲመሽ ከውሻዋ ጋር ሰው ይውጣ።

ከዚህ ቀደም አጥሩን በእኛ በኩል ያስተከላችሁና ውሻችሁ ከ8 ፓውንድ በታች የሆነ ደንበኞቻችን፣ በስልክ ቀጠሮ ብትይዙ ባለሙያችን ያለ ክፍያ ቤታችሁ መጥቶ ውሻውን ይመዝናል፣ አንገቱን ይለካል፣ የማሰሪያውን ልክና የንዝረቱን ደረጃ ያስተካክላል። ማሰሪያው ለውሻው የማይሆን ሆኖ ከተገኘ ተረክበን ዋጋውን እንመልሳለን። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት በአንገቱ ላይ መቅላት፣ የፀጉር መመለጥ ወይም ቁስል ካያችሁ፣ ወይም ውሻው የሚያስል ከሆነ፣ ማሰሪያውን ወዲያው አውልቃችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ እኛን ከዚያ በኋላ ጥሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ አስተዳደር