ዝናቡ ያጋለጠው ሹክሹክታ

አቃቂ፣ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ የምችለውን ነገር ለምን በደብዳቤ እንደጻፍኩት ትጠይቂ ይሆናል። በስልክ ስለ አባባ ማውራት ስንጀምር አንዳችን ሌላችንን እንዳናስለቅስ ቶሎ ብለን ወደ ወገብ ሕመምሽና ወደ ጤፍ ዋጋ እንደምንሸሽ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ቀስ እያለች ታንብብልሽ፤ አንቺ ዓይንሽን አታድክሚው።

ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ እስከ ትናንት ቅዳሜ ማታ ድረስ፣ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት በማያስኬደው የወጣቶች ማእከል አዳራሽ ውስጥ የአካባቢው አማተር ክበቦች የቴአትር ፌስቲቫል አድርገው ነበር። ረቡዕን የመረጡት መጋቢት 18 የዓለም የቴአትር ቀን ስለሆነ ነው። አባባ ካረፉ ወዲህ ቴአትር የሚታይበት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ በዚህም ጊዜ የሄድኩት የጎረቤታችን ልጅ ትኬት አምጥቶ እምቢ ማለት ስላሳፈረኝ እንጂ ፈልጌ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምሽቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ስለ ስደትና ስለ ሱስ የተጻፉ ተውኔቶች ነበሩ፤ ልጆቹ ትጋት አይጎድላቸውም፣ ግን ተዋናዩ ሰው መሆኑን ትቶ ሲመክረን ያመሻል፣ በዚያ ላይ የክብር እንግዶቹ ንግግር ከተውኔቱ ይረዝማል።

የትናንቱ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸው ትቶላቸው በሄደው ቤት የሚካሰሱበት፣ ልጆቹ ራሳቸው የጻፉት ተውኔት ነው። መድረኩ ላይ ከነበሩት ጥቂት ዕቃዎች መካከል አንድ መሶብ አየሁና አንቺን አስታውሼ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አባባ ለፋብሪካው የኪነት ቡድን ብለው ያንን የሠርግሽን መሶብ ተውሰው ወስደው ክዳኑን አጣምመው ሲመልሱት ስንት ቀን እንዳኮረፍሻቸው አልረሳሁም።

ተውኔቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የበልጉ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ታላቅ ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ልጅ በትክክል በዚያ ሰዓት ቃሉ ጠፋበትና ዝም አለ። አዳራሹም አብሮ ዝም አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሹክሹክታ መጣ፤ ዝናቡ ዋጠው። ሹክሹክታው ከፍ ብሎ ተደገመ፤ ልጁ አሁንም አልሰማም። በሦስተኛው ጊዜ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ልጅ ጨንቋት «ወንድሜ፣ ቤቱን አንተ ውሰደው!» ብላ ጮኸች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስንጠብቀው የነበረውን መጨረሻ ሁላችንም ከተዋናዩ በፊት ሰማነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ስቄ ነበር፣ ሳቄ ግን መሃል ላይ ቀረብኝ። የአባባን ሥራ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ነውና።

እማዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ልጅ ሆኜ በአባባ አፍር ነበር። በ1970ዎቹ የፋብሪካው ሠራተኞች ኪነት በሚያሳየው ቴአትር የጓደኞቼ አባቶች ወታደር ሆነው፣ ባላባት ሆነው፣ አንዱማ ጢም ለጥፎ ጣልያን ሆኖ ሲወጣ፣ የእኔ አባት ጽሑፉን ይዘው ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው ቃል ለሚጠፋበት ያቀብሉ ነበር። «ያንተ አባት የታለ?» ሲሉኝ «ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነው» እያልኩ እዋሽ ነበር። አንቺ ግን ሁልጊዜ ከፊት ተቀምጠሽ፣ ዓይንሽ መድረኩ ላይ ሳይሆን የመጋረጃው ጠርዝ ላይ እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል።

የእሳቸው ሹክሹክታ ለምን አንድም ቀን እንዳልተሰማ ትናንት ማታ በዝናብ እየተመለስኩ አሰብኩ። አባባ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፤ ያ ሁሉ ማሽን በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ቢያወሩ እንኳ ስለማይደማመጡ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በከንፈር እንቅስቃሴ እንደነበር እራት ላይ ያሳዩን ነበር። አስታውሺ፣ ጨው አቀብዪኝ ሲሉሽ እንኳ ድምፅ አያወጡም ነበር። ተዋናዮቹም የሥራ ጓደኞቻቸው ስለነበሩ ወደ መጋረጃው ጠርዝ አንድ ጊዜ መለስ ብለው ከንፈራቸውን ማየት ይበቃቸው ነበር። ተመልካች የሚያውቀው ሥራውን ያበላሸውን አቀባይ ብቻ ነው፤ አባባ ስላላበላሹ ማንም አላወቃቸውም።

ብሔራዊ ቴአትር የወሰዱኝ ቀንም ትዝ አለኝ። በአንበሳ አውቶቡስ ለገሃር ወርደን፣ ከድንጋዩ አንበሳ ሥር አቁመውኝ፣ ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያም በፊት በዘውዲቱ ዘመን የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲ የሹማምንቱን ብልሹነት ስለነካ ቴአትር ጨርሶ ተከልክሎ እንደነበር አወሩልኝና «የተቆጡት በደራሲውና በተዋናዩ ነው፤ አቀባዩንማ ማን ያስታውሰዋል» ብለው ሳቁ። ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ እሳቸው የሚያዩት ተዋናዮቹን ሳይሆን የመድረኩን ግራና ቀኝ ነበር። ውጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ከሬዲዮው ጋር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ እንደነበርስ? እኛ ልጆቹ እየጠቋቆምን እንስቅ ነበር፣ አንቺ በማማሰያ ታስፈራሪን ነበር።

ትናንት ተመልካቹ ሲበተን ከመጋረጃው ጀርባ ሄድኩ። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደብተሯን እንዳቀፈች ጥግ ላይ ታለቅሳለች፣ ጓደኞቿ ደግሞ ለማጽናናት እያሉ «ቤቱን አንተ ውሰደው» እያሉ ያስቁባታል። ስለ አባባና ስለ ማሽኑ ነገርኳት። «እስቲ እንዴት ነበር?» አለችኝ። እኔ እንደ እሳቸው አልችልበትም፣ ቢሆንም አንድ ሐረግ ያለ ድምፅ በከንፈሬ ብቻ አልኩላት። ትክ ብላ አየችኝና ምንም ሳታሳስት ደገመችው። ምን እንዳልኳት ፋሲካ ላይ እነግርሻለሁ።

ዛሬ መጻጉዕ አይደል? ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ካህኑ 38 ዓመት በአልጋው ላይ የኖረው በሽተኛ «ሰው የለኝም» ያለውን ሲያስተምሩ፣ እኔ ልቤ ተከፍሎ መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶበት የቆመውን ልጅ አስብ ነበር። ያ ልጅ በዝናቡ ምክንያት አልሰማትም እንጂ ሰው ነበረው።

አሁን ደብዳቤውን ወደጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። በትልቁ ሣጥን ውስጥ የአባባ የቴአትር ደብተሮች አሉ። ያን ጊዜ ሰርቄ እንዳየኋቸው በእርሳስ የተሞሉ ናቸው፤ ተዋናዩ የሚዘነጋበት ቦታ ላይ ትንሽ መስቀል፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ላይ ክብ፣ በኅዳጉም «እዚህ ጋ አትቸኩል፣ ራሱ ያስታውሰዋል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ፈቃድሽ ከሆነ አንዱን ለዚያች ልጅ ላውሳት እፈልጋለሁ። ለማውረስ አይደለም፣ አንብባ ትመልሳለች። የሣጥኑ ቁልፍ በመቀነትሽ ወደ አዳማ ይዘሽው ስለሄድሽ፣ ለፋሲካ ስመጣ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፤ ካልፈለግሽም ተቆጥተሽ ንገሪኝ፣ አልከፋም።

እህቴንና ልጆቹን ሰላም በይልኝ። መድኃኒትሽን አታቋርጪ።

ልጅሽ

ይህን ከጨረስኩ በኋላ ትዝ አለኝ፤ ልጅቷ መድረኩ ላይ ያየሁት መሶብ የእናቷ እንደሆነ ነግራኛለች። ስለ ክዳኑ ምንም አላልኳትም።