ጣሳው እኔ ጋ ነው

ደሴ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ እንዳለ ነው፣ ብርዱም እንዳለ ነው፤ ይኸው ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ከሁሉ በፊት የምልሽ አለኝ። እማማ ሲያርፉ አልመጣሁም። ነሐሴ 2015 ላይ፣ ክልሉ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔቱ በተዘጋ ሰሞን ነው መርዶው የደረሰኝ፤ እሱም በስምንተኛው ቀን፣ በሰው አፍ። መናኸሪያ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። የሚወጣ መኪና አልነበረም። በስልክ ‹‹ነፍሳቸውን ይማር›› ብዬ ልዘጋው ደግሞ ከበደኝ፤ ያሳደጉኝ ሴትዮ ናቸው። ነገ እሄዳለሁ ስል ወሩ አለፈ፣ ዓመቱም አለፈ። ከዚያ በኋላ ማፈር መጣ። አውፍ በይኝ እህቴ።

ባለፈው ወር በእህትሽ ልጅ በኩል የላክሽውን መልእክት ሰምቻለሁ። ‹‹እንዴት ነው የምትገዙት? የምትበሉትስ? መንግሥት አለ ወይ እዚያ?›› ብለሻል። ሐዋሳ ተቀምጠሽ ስለ ወሎ ሲወራ የምትሰሚው አስጨንቆሽ እንደሆነ ገብቶኛል። በሁለት ቃል ልመልስልሽ አሰብኩና አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

የቀበሌው ሱቅ ትዝ ይልሻል? አሥር ዓመት ቢሆነን ነው። ስኳሩ በቤተሰብ ቁጥር፣ ሳሙናው በቁጥር፣ ነጭ ጋዙ በወረፋ። ሌሊት ተነስተን ድንጋይ አስቀምጠን ተራ እንይዝ ነበር፤ ያንቺዋ ድንጋይ ነጭ፣ የእኔዋ ጥቁር። አንድ ቀን የሆነ ጎረምሳ የእኔን ድንጋይ ገፍቶ የራሱን ሲያስቀምጥ ሄደሽ ደረቱ ላይ የቆምሽው መቼም አይረሳኝም። ስኳሩን ይዘን ስንገባ እማማ በዚያች በጣሳቸው መልሰው ይሰፍሩታል። የጎደለ እንደሆነ ‹‹ተመለሱ፣ ንገሩት›› ይሉናል። እኛ እንፈራለን፤ እሳቸው አይፈሩም። ገበያ ተቀምጠው እህል ሲቸረችሩ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ስፍር ሲጎድል ከሰላምታ በፊት ነበር የሚታያቸው።

ያን ጊዜ ልጆች ስለነበርን ሱቁ ውስጥ ዕቃ መጥፋቱ ብቻ ነበር የሚያስለቅሰን። አሁን ሳስበው የእማማን ጉልበት የጨረሰው ኬላው ነው። እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ያለ ፈቃድ እንዳይሻገር ተከልክሎ፣ ገበሬው በኮታ በተቆረጠለት ዋጋ ለመንግሥት እንዲያስገባ ተገዶ፣ ወሎ ደግሞ የሚበላው አጥቶ። በ77 እኔና አንቺ ያየነውን አይተናል፤ አልደግመውም። በ1982 ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ የእህሉን ንግድ ሲለቅ፣ ጤፉና ማሽላው በየጭነት መኪናው ደሴ ሲገባ፣ እማማ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ‹‹ይሄን ለመፍቀድ ይህን ያህል ሬሳ መቁጠር ነበረባቸው?›› ብለው ያለቀሱት ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አባቴ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ነበር የሚያወራው። በ1965 የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከደሴ እህል ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ መንገዱ ዳር የሚበላ ያጣ ሰው ተዘርግቶ ያይ ነበር። ‹‹እህል ከሚራብ አገር እህል አወጣሁ›› እያለ እስኪሞት ድረስ ይጸጸት ነበር። ልጅ ሆኜ የረሃብ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው አማርትያ ሴን የሚባለው የኢኮኖሚ ሊቅ የወሎን ረሃብ አጥንቶ ይህንኑ እንደጻፈ ያወቅሁት፤ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልወጣም ነበር፣ ከወሎም ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። ሰው ያለቀው ከብቱ ሞቶ፣ ማሳው ደርቆ፣ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። የንጉሡ መንግሥት ይህን ዓይቶ ዝም አለ፣ ነገሩንም ደበቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑ ሲወርድ የወሎ ሰው ጉዳይ በየአፉ ነበር፤ ለሞተው ግን ምን ሊጠቅመው።

ይህን ሁሉ የማነሳው መንግሥት አለ ወይ ስላልሽኝ ነው። ሦስት መንግሥት አይተናል፤ ሁሉም ነበሩ። ችግሩ መኖራቸው አልነበረም።

አሁን የ2014ቱን ልንገርሽ፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አላወራንም። ጥቅምት 20 ቀን የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ገባ። ተኩሱን ከደጃችን እየሰማን በባትሪ የሚሠራው ራዲዮ ደሴ በመንግሥት እጅ ናት ይል ነበር። ጎረቤቴ ያንን አምና ለመውጣት ያሰረችውን ጓዝ ፈታች። በማግስቱ መውጫ አልነበረም። ይህችን አልረሳትም። ዘይት መጥፋቱን ችዬዋለሁ፣ ይህን ግን ልችለው አልቻልኩም።

መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን እስከሚያስታውቅ፣ እስከ ኅዳር 27፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። መብራት ስለሌለ ወፍጮ ቤቱም ቆመ። እህል እቤት እያለ ዱቄት የለም ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ንፍሮ ቀቀልን፣ ቆሎ ቆላን፤ የአማቴን የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ አውጥቼ አጥቤ ለጎረቤት ሁሉ በተራ አዋልኩት። መዳፌ ተልጦ እስክርቢቶ መያዝ አቅቶኝ ነበር። በቀን ለአንድ ሰው ስንት ይበቃዋል የሚለውን የምሰፍረው በእማማ ጣሳ ነበር። አዎ፣ እኔ ጋ ናት፤ ሐዋሳ ይዘሻቸው ስትሄጂ ‹‹አንቺ ያዣት፣ እዚያ ምን ይሰፈርባታል›› ብለው የሰጡኝ ነች።

የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂን ታውቂያቸዋለሽ። ዕቃቸውን ሌሊት ሌሊት ወደ ቤታቸው አግዘው ሸሽገው ነበር። ገና ሳይነጋ የጓሮ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይከፍታሉ። ለአንድ ቤት አንድ ሳሙና፣ ዘይት በብርጭቆ፣ ጨው በእፍኝ። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር አለቻቸው። የወሰድሽውን በስምሽ ይጽፋሉ፤ ዋጋ ግን አይጽፉም። አንድ ቀን ‹‹ሐጂ፣ ዋጋውስ?›› አልኳቸው። ‹‹ዛሬ ዋጋ የለም፣ ሰው ነው ያለው። ሰላም ሲሆን እንተሳሰባለን›› አሉኝ። ሰላም ሲሆን ሁሉንም ያስከፈሉን ከጥቅምቱ በፊት በነበረው ዋጋ ነው። ያኔ ሱቁ ሁሉ ተዘርፎ፣ ኮምቦልቻ የእርዳታ መጋዘን ሳይቀር ተዘርፎ፣ ዕቃ እሳት ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት አምስት ሊትር ዘይት 1,000 ብር ሲሻገር አይተናል። ሐጂ ቢፈልጉ በአንድ ወር ፎቅ መሥራት ይችሉ ነበር። ከደብተራቸው ውስጥ ሳይከፍል የቀረ ሰው ካለ የተገደለው ብቻ ነው፤ የእሱንም ‹‹ለአላህ›› ብለው ሰረዙት።

ነጋዴ ሁሉ እንደ ሐጂ ነው አልልሽም። ስኳር ቆልፎ ‹‹የለም›› እያለ ማታ በእጥፍ የሚሸጥ እዚሁ አጠገባችን አለ። ሚዛን የሚያጎድለውም አለ። እሱን ይዞ የሚቀጣ መንግሥት ባገኝ ቆሜ አጨበጭባለሁ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር የነበረው ዶላር ባንክ ቤት በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው 100ን አለፈ። ባለሥልጣናቱ በቴሌቪዥን አብዛኛው ሸቀጥ ድሮም በጥቁር ገበያ ዶላር ስለሚገባ ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት የለም ይሉ ነበር። ነገሩ ውስጥ እውነት ነበረበት፤ አልክድም። ጅምላ አከፋፋዩ ግን በማግስቱ ጨመረ። ሐጂ በአዲሱ ዋጋ የገዙትን ዘይት ሁለት ብር ነው ሦስት ብር አትርፈው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ከሚመለከተው ቢሮ ሦስት ሰዎች መጥተው ‹‹ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል›› ብለው ሱቁን አሸጉት። ሐጂ የጅምላውን ደረሰኝ አወጡ፤ አንዱ ልጅ ተቀብሎ አየውና መለሰላቸው። ‹‹እኛ የታዘዝነው ማሸግ ነው›› አለ። በክፋት እንዳልመሰለሽ፤ ፊቱ ላይ እፍረት ነበረበት፣ እኔው ያስተማርኩት ልጅ ነው።

ሱቁ አሥራ አንድ ቀን ታሸገ። በሩ ላይ የተለጠፈችዋን ወረቀት ዝናብ አረጠባት፣ ማኅተሙ ሁሉ ፈሰሰ። በእነዚያ ቀናት የሰፈሩ ሰው ዱቤ የሚሰጠው አጥቶ፣ ወር ያልደረሰለት ሁሉ ልጁን ያለ ሻይ አሳደረ። ዘይቱ አልረከሰም። ሌሎቹ ባለሱቆች ከመታሸግ ብለው ዕቃቸውን ከመደርደሪያ አነሱ፣ ዘይት ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ታሽጎ የነበረው ተከፈተ። ለምን እንደታሸገም፣ ለምን እንደተከፈተም የነገረን የለም።

ሸማቾች ማኅበሩ ጋ ዘይት በድጎማ ዋጋ ይመጣል ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። መታወቂያ ይዛችሁ ኑ ይላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሄድኩ፤ እንደ ልጅነታችን ድንጋይ የተቀመጠበት ሰልፍ ነው ያገኘሁት። ጥቁር ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኩ፤ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ወጥቶ ‹‹ለሰኞ›› አለና ገባ። ሰኞ ስንሄድ የመታወቂያው ኮፒ ያስፈልጋል ተባለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንሮጥ መብራት የለም። በሦስተኛው ቀን በስም ዝርዝር ነው አሉ፤ ዝርዝሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከፊቴ የነበሩት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ‹‹ልጄ፣ የለም በሉኝና ልሂድ። የለም ማለት ምን ያሳፍራል?›› አሉት። መልስ አልሰጣቸውም።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ወሎ ከሌለው ተካፍሎ መብላት ያውቅበታል። የለም ካሉን ሽሮውን ያለ ዘይት እንሠራለን፤ በወር አንድ ጊዜ ካሉንም ለወር እናብቃቃዋለን። ዛሬ የተነገረን ነገ ካላደረ ግን በምን እንቁጠር? ለቤቴ ስንት ጣሳ እንደሚበቃ የማውቀው ጣሳዋ ትናንትም ዛሬም አንድ ልክ ስለሆነች ነው።

ደግ የሠሩትንም ልንገርሽ፣ ሐሜተኛ እንዳልሆን። የእሁድ ገበያው ጥሩ ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል፣ ሽንኩርቱና ድንቹ ከገበሬው ስለሚመጣ ይረክሳል። መንገድ የተዘጋ ሳምንት ባዶ ቢሆንም በማግስቱ ሳምንት ተመልሶ ይገኛል። እሁድ እሁድ ዘንቢሌን ይዤ ስወጣ ልቤ ያርፋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቢሮ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ባውቅ አመሰግነው ነበር።

ወሬዬ በዛ። ትንሿ ልጄ ሁለተኛ ወልዳለች፣ ሴት ናት። ሐጂ ዓይናቸው ደክሟል፤ ደብተሯን አሁን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ። አሁንም በስምና በልክ ነው፤ ዋጋ ግን መጻፍ ጀምረናል፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ማስታወስ አልተቻለም።

የእማማ ተዝካር መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ፤ ካልተከፈተ ደግሞ ከዚሁ ድግሱን እቀላቀላለሁ፣ አንቺ ሐዋሳ፣ እኔ ደሴ፣ ጎረቤት ሰብስቤ። ጣሳዋን በሰው ልላክልሽ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ጎኗ ትንሽ ጎብጧል፤ በዚያ በጦርነቱ ሰሞን ከእጄ ወድቃ ነው። በውሃ ሰፍሬ አይቻታለሁ፣ ልኳ አልጎደለም። እንድልካት ከፈለግሽ ላኪ በይኝ፣ ካልሆነ እኔ ጋ ትቆይ።

ያንቺው እህት፣
ከደሴ