ፓቴክ ፊሊፕ ለምን ይሄን ያህል ውድ ሆነ?

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ከሽቶው ክፍል ወደ ሰዓቱ አዛውረውሻል አሉ፤ ያውም ፓቴክ ፊሊፕ የሚባለው ውድ የስዊዝ ሰዓት የሚሸጥበት ጋ። እንኳን ደስ ያለሽ! «አባዬ፣ ደንበኛ ለምን ይሄን ያህል ተወደደ ሲለኝ ምን ልበል?» ብለሻል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ስፈታና ስገጥም ኖሬ ለዚህ መልስ ካጣሁማ ምን ሠራሁ? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ ደንበኛሽም የሚያውቀው እሱን ነው።

አንቶኒ ፓቴክ ስዊዝ አይደለም፣ ፖላንዳዊ ነው። ፈረሰኛ ወታደር ነበር። በ1830 ፖላንዶች በሩሲያ ላይ ሲነሱ አብሮ ተዋጋ። ተሸነፉ፣ ተሰደደ፣ ፈረንሳይ ቆይቶ ጀኔቭ ገባ። በ1839 ቻፔክ ከሚባል ሰዓት ሠሪ ጋር ሆኖ ድርጅቱን አቋቋመ። ቻፔክም እንደሱው ስደተኛ ነው። ጀኔቭ ቀድሞም የሰዓት ከተማ እንድትሆን ያደረጓት በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የሸሹ ባለሙያዎች ናቸው። አገር ጥሎ በሄደ ሰው እጅ የቆመ ሙያ ነው ማለት ነው። አንቺም እዚያ ባንኮኒ ጀርባ ስትቆሚ ይህን ብታውቂ አይከፋም።

ፓቴክና ቻፔክ አልተስማሙም፣ ተለያዩ። ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሰዓት የሚሞላው በትንሽ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ከጠፋ ሰዓቱ ቆመ። በቁልፉ ቀዳዳም አቧራ ይገባል፤ አቧራ ለሰዓት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1844 ፓሪስ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ አድሪያን ፊሊፕ የሚባል ፈረንሳዊ ያለ ቁልፍ የሚሞላና የሚስተካከል ሰዓት ይዞ ቀረበ። ዛሬ ከጎኑ ይዘን የምናሽከረክረው መሙያ ማለት ነው። ፓቴክ ዕቃው ገባው። በዓመቱ ሰውየውን ወደ ጀኔቭ አመጣው፣ በ1851 ደግሞ ስማቸው አንድ ላይ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ሰዓታቸውን ወሰደች። ከዚያ ወዲያ ገበያ አልቸገራቸውም።

የቸገራቸው በ1930ዎቹ መባቻ ነው፣ ዓለም ሁሉ ኪሱ ሲራገፍ። በ1932 ስተርን የሚባሉ ወንድማማቾች ገዙት። ለፓቴክ የሰዓት ፊት እየሠሩ የሚያስረክቡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም ድርጅቱ በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፐርፔቹዋል ካሌንደር የሚሉትን ያሳዩሽ ይሆናል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ራሱ ያውቃል። ባትሪ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። እንዴት? በብዙዎቹ ውስጥ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትዞር ትንሽ ክብ ብረት አለች። 48ቱ ወራት ጠርዟ ላይ ተቀርጸዋል። 31 ቀን ያለው ወር ጋ ጠርዙ ሙሉ ነው። 30 ያለው ጋ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ፌብሩዋሪ ጋ በደንብ ይጎደጉዳል። በአራተኛው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ግን ጉድጓዱ በፀጉር ያህል ያንሳል፣ 29 ነዋ! አንዲት ቀጭን ብረት ጠርዙን እየዳሰሰች ጥልቀቱን ትለካለች። በወሩ መጨረሻ ቀኑ ስንት መዝለል እንዳለበት የምትወስነው እሷ ናት። የአራት ዓመት ትዝታ በሞረድ ተቀርጾ ማለት ነው። ያን ጠርዝ የሠራ ሰው በትንሹ ቢሳሳት ስህተቱ የሚታወቀው ከስንት ወር በኋላ ነው።

አንድ ቀን ግን ይሸነፋል። 2100 ለአራት ይካፈላል፣ ነገር ግን በፈረንጆቹ ሕግ ፌብሩዋሪ 29 የለውም። ሰዓቱ ይህን አያውቅም፣ ሰው በእጁ ማረም አለበት። የእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6ን ስለማይዘል ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይሰፋል፤ ገናችንም ጃንዋሪ 7 መሆኑ ቀርቶ 8 ላይ ይውላል። ሐበሻ ደንበኛ ከመጣልሽ ይህን ንገሪው፣ ይወደዋል።

ሌላው ሚኒት ሪፒተር ነው። ጎኑን ስትነኪው ሰዓቱን በድምፅ ይነግርሻል፤ ሰዓቱን በወፍራም፣ ሩብ ሩቡን በጥንድ፣ ደቂቃውን በቀጭን ድምፅ። 12:59 ላይ 12 ጊዜ፣ ከዚያ 3 ጥንድ፣ ከዚያ 14 ይመታል። የሚመታው በሰዓቱ ውስጥ ዙሪያውን የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ሽቦ ነው። ድምፁን የሚያስተካክሉት በጆሮ ነው። እያንዳንዱን ከመሸጡ በፊት ፕሬዚዳንቱ ቲየሪ ስተርን ራሱ ያዳምጠዋል። ካልጣመው ይመለሳል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሰዓቱን ገልብጠሽ በጀርባው መስታወት ተመልከቺ። የብረቶቹ ጠርዝ ሁሉ በሰያፍ ተቆርጦ ተወልውሏል። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ክር ያበራል። ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ ሹል ሆነው የሚገናኙበትን ጥግ ፈልጊ። እዚያ የሚሽከረከር መሣሪያ አይገባም፤ ጥጉን ያደበዝዘዋል። ሰው በሞረድ፣ ከዚያ ጄንሺያን በሚባል የተራራ ተክል እንጨት እያሸ ያወጣዋል። ሰዓቱ ያለዚህም ይሠራል! ጎበዝ ልብስ ሰፊ የኮቱን ገበር እንደ ፊቱ አድርጎ እንደሚሰፋው ነው። መስታወት የሌለው ጀርባ ስር ሳይቀር፣ ከሰዓት ሠሪ በቀር ማንም የማያየውን ቦታ እንዲህ ይሠሩታል። እኔም ኦሜጋና ሴይኮ ስፈታ ኖሬያለሁ፤ ጥሩ ሰዓቶች ናቸው፣ ጊዜ በመቁጠር ከፓቴክ ብዙም አያንሱም። ለደንበኛ ይህን ከመሸሸግ እውነቱን መናገር ይሻላል። በትክክለኛነትማ የባትሪ ሰዓት ሁሉንም ይበልጣል። ሴይኮ በ1969 መጨረሻ የኳርትዝ ሰዓት ሲያወጣ ስዊዞች ላይ የወረደው መዓት ቀላል እንዳይመስልሽ፤ 90 ሺህ ገደማ የነበረው የሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ግድም ወርዷል። እዚህም የኛ ሥራ ባትሪ መቀየር ብቻ ሆኖ ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ ሁለት ነገር አታደባልቂ። ከሥራ የመጣ ዋጋ አለ፣ ከብርቅነት የመጣ ዋጋ አለ። ጄራልድ ጄንታ ንድፏን ያወጣላት ኖቲለስ የምትባለው የፓቴክ ሰዓት በ1976 ስትወጣ ስቲል ነበረች። ወረፋ የሚያሰልፋት ብርቅነቷ ነው፣ እኔ ብሆን አልሰለፍም። በ1933 ሄንሪ ግሬቭስ ለሚባል አሜሪካዊ ባለ ባንክ የተሠራው ባለ 24 ተግባር የኪስ ሰዓት ግን ሌላ ነው። በ2014 በ23 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ። የጃንሆይም ፓቴክ አለ፣ ፐርፔቹዋል ካሌንደር። በ2015 ጀኔቭ ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳበትና ወጣ፤ በ2017 ተመልሶ በ2.9 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ተሸጠ። ጳጉሜን የማያውቅ ካሌንደር የያዘ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ብዬ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

ማስታወቂያቸው ሰዓቱን ለቀጣዩ ትውልድ ነው የምትጠብቀው ይላል። ብልጥ ማስታወቂያ ነው። ግን ባዶ ወሬ አይደለም፤ ከ1839 ጀምሮ የሠሩትን የትኛውንም ሰዓት እንጠግናለን ይላሉ። መለዋወጫው ባይኖር እንደገና ይሠሩታል። መለዋወጫ አጥቶ ስንት ደህና ሰዓት መሳቢያው ውስጥ የቀረ ሰው ነኝና ይህ ለእኔ ከወርቁ ይበልጥብኛል። ደንበኛሽ ሲጠይቅሽ መጀመሪያ ይህን በይ፣ ከዚያ ጀርባውን ገልብጠሽ አሳዪው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ካሌንደር ያለው ሰዓት ጠቋሚው በፈረንጆቹ ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3፣ በእኛ ከሦስት እስከ ዘጠኝ፣ ባለበት ጊዜ ቀኑን እንዳትነኪ። ያኔ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፣ ይሰበራል። መጀመሪያ ጠቋሚውን ወደ ታች፣ ወደ 6 ቁጥር ቦታ አውርጂው። የሰዓቱን ጧትና ማታም አጣሪ። ለደንበኛም ይህን ንገሪው፣ ማንም አይነግራቸውም።

የጀርባውን ፎቶ ከተፈቀደልሽ ላኪልኝ። እናትሽ ደግሞ ኤሲው ስር አትቁሚ ብላሻለች።

አባትሽ