ቀይዋ ድንጋይ

ይድረስ ለወንድሜ ለአበራ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ «እንደምን ከርመሃል» ማለቴ ለራሴም ያሳፍራል። ምክንያቱን ታውቀዋለህ። ቱሪስት የጠፋ ጊዜ የላክህልኝን ብር በላሁና መመለሻው ጨነቀኝ። ስልክህ ሲጠራ እያየሁ ዝም እል ነበር። እያደር ዝምታው ከብሩ ባሰ። በቃ፣ ተናዘዝኩልህ።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ብር አይደለም። ስለ ድንጋይ ነው።

ፋሲል ግቢ ሲታደስ የቀን ሥራ ገብቼልህ ነበር። አዎ፣ አስጎብኚው እኔ፣ ኖራ አቡኪ ሆንኩ። አትሳቅ። ስንት ዓመት በአፌ ስገነባው የኖርኩትን ግንብ በእጄ ስነካው እኮ ምንም እንደማላውቅ ገባኝ። ኖራ ዝም ብሎ ነጭ ዱቄት ይመስለኝ ነበር። ድንጋዩ መጀመሪያ ይቃጠላል። ከዚያ ውሃ ሲያገኝ እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት ይንተከተካል። ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለብሶ ይከርማል፤ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግንቡ ውስጥ ከገባ በኋላም ቶሎ አይደርቅልህም። እርጥብ ጆንያ እያለበስክ እንደ አራስ ታርሰዋለህ። አብሬው የምሠራው ሽማግሌ ግንበኛ ሲሚንቶ የሚባል ነገር ስሙ ሲነሳ እንኳ ፊቱ ይጠቁር ነበር። እውነቱን ነው። ጣሊያን ግቢውን መሥሪያ ቤት ባደረገው ጊዜ የፈረሰውን በሲሚንቶ ጠጋግኖታል። ሲሚንቶ ደግሞ ግንቡን ያፍነዋል። ክረምቱን ውሃ የጠጣ ግንብ በበጋ መተንፈሻ ሲያጣ፣ የሚፈረፈረው ሲሚንቶው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ድንጋይ ነው።

ሥራው ሲያልቅ እሑድ እሑድ ቁስቋም መውጣት ጀመርኩ። የእቴጌ ምንትዋብ ቤት እንደምታውቀው ነው። ጣሪያ የለው፣ በመስኮቱ ሰማይ ይታያል። እኔ ለእንግዳ «በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ነው ያጠፋው» ብዬ እጨርስ ነበር። ድርቡሽማ አቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ የወረደው ዝናብ ሁሉ፣ ግንቡን የሰነጠቀው የዛፍ ሥር ሁሉ የድርቡሽ ነው እንዴ? እኛስ?

ቀይዋ ድንጋይ ትዝ ትልሃለች? መስቀል የተቀረጸባት። ለጎል ቋሚ ብለን ከፍርስራሹ ሥር አንከባለን ያወጣናት። ባለፈው እትዬን ልጠይቅ ቤታችሁ ጎራ ስል፣ በረንዳው ላይ እሷኑ ወንበር አድርገው ቡና ሲያፈሉ አገኘኋቸው። ሁለት ሲኒ ጠጣሁ። ዓይኔን ግን ከመቀመጫቸው መንቀል አቃተኝ።

ቤቱ ቢታደስ ጣሪያ ይልበስ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጣሪያው እንዴት እንደነበር እርግጠኛ ሳይሆኑ አዲስ ክዳን መጫን የራስን ሐሳብ በእቴጌይቱ ስም መሸጥ ነው። የግንቡ አናት ውሃ እንዳያስገባ በኖራ ይደፈን፣ ሥራሥሩ ይነቀል፣ የወደቀው ድንጋይ ቦታው ተለይቶ ይመለስ። ጎብኚ ሰማዩን ቢያይ ምን ይጎዳዋል?

እዚያው ቁስቋም ያለው የመስታወት ሣጥን ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። የእቴጌ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም ያለበት። ኢዮአስን ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. አስገደሉት፤ ከአራት ዓመት በኋላ እቴጌይቱም አረፉ። ይኸን ሁሉ ያዩ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ፈረንጅ ፎቶ እንዲያነሳ የሞባይሌን መብራት አጥንታቸው ላይ አበራ ነበር። የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው እኮ! ጉርሻ ተቀብዬበታለሁ። ክፍሉ ይጠገን፣ ሰውም ይግባ፤ ሣጥኑ ላይ ግን መጋረጃ ይጣልበት ባይ ነኝ። ካህናቱን አንድ ቀን ደፍሬ አነጋግራቸዋለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለእትዬ ደውልና ስለ ድንጋይዋ አጫውታቸው። እኔ ብነግራቸው ሌባ ያልኳቸው ይመስላቸዋል፤ ሌቦቹ እኛ መሆናችንን ካንተ አፍ ይስሙት። በምትኳ ከቀሃ ወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ አመጣላቸዋለሁ፣ ለመቀመጫ የወንዟ ድንጋይ ትበልጣለች። ለኅዳር 6፣ ለቁስቋም ንግሥ ብትመጣ ደግሞ ቀይዋን ወደ ቦታዋ አብረን እንሸከማታለን። ብቻዬን ሞክሬ ነበር፣ ወገቤ እንቢ አለ።

ብሩን በሦስት ጊዜ እከፍልሃለሁ። የመጀመሪያው ለእትዬ ደርሷል፣ ጠይቃቸው።

ወንድምህ
ከጎንደር